አሸዋው ላይ የተኛችውን አትቀስቅሷት

ባህር ዳር አሸዋ ላይ ተጋድሞ የምታዩት እንስሳ ሁሉ ታሞ አይደለም። ጠፍቶም አይደለም፣ እናቱ ጥላውም አይደለም፣ ውሃው ርቆበትም አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ተኝቶ ነው፣ በቃ። ሲል (በእንግሊዝኛ seal) በሉት ሲ ላየን (sea lion)፣ እነዚህ የባህር አጥቢዎች (አቆስጣ የሚሏቸውም አሉ) ኑሯቸው ግማሹ ውሃ ውስጥ ግማሹ የብስ ላይ ነው፣ የብስ ላይ የሚወጡት ደሞ ለኛ ሊታዩልን ሳይሆን ሊያርፉ፣ ሊሞቁ፣ ሊወልዱ፣ ሊያጠቡ፣ ፀጉራቸውን ሊቀይሩ ነው። ጽሑፉን እስከመጨረሻው ባታነቡት እንኳን ይቺን ብቻ ያዙልኝ።

የምጽፈው ከድሬዳዋ ነው። እኛ ጋ ያለው ደቻቱ ወንዝ ነው፣ እሱም ዝናብ ካልመጣ አሸዋ ብቻ። ግን የድሬ ሰው ከባህር ተለይቶ አያውቅም እኮ። ከተማዋን የወለዳት ከጅቡቲ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ የደረሰው የባቡር ሃዲድ ነው፣ ከዚህ እስከ ወደቡ 300 ኪሎሜትር ቢሆን ነው፣ ጅቡቲ ዘመድ የሌለው ሰው ደሞ ከዚራ ሰፈርም ሳቢያን ሰፈርም ብትፈልጉ ብዙ አታገኙም። እነሱ ሙቀቱ ሲጠናባቸው ወደኛ ይመጣሉ እኛ ደሞ ለስራ ወደነሱ እንወርዳለን። ከዛም አልፎ የሄደው ብዙ ነው። አቦ የድሬ ልጅ የሌለበት አገር የት አለ? አንዱ ሳንዲያጎ አንዱ ኦስሎ አንዱ ኬፕታውን ነው ያለው፣ ሦስቱም የባህር ከተሞች ናቸው፣ እና የቤተሰብ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ የቢች ቪድዮ አይጠፋም።

ባለፈው የአክስቴ ልጅ ከሳንዲያጎ አንድ ላከች። እሷ ራቅ ብላ ቆማ ነው የቀረፀችው፣ ቪድዮው ውስጥ ግን አንድ ሰውዬ ገና በደንብ መራመድ ያልጀመረች ልጁን አቅፎ ወደ አንዲት የሲል ግልገል እየሄደ ነው፣ ልጅቷን አጠገቧ ቁጭ አርጎ ፎቶ ሊያነሳት። ግልገሏ አንገቷን ቀና ታደርግና አፏን ትከፍታለች። ሰውየው ይስቃል። ግሩፑ ላይ ልብ በልብ ሆነ፣ «ስታምር!» «ሳቀችለት እኮ!» የሚል ብቻ። እኔን ግን ሆዴን በላኝ። ያ አፍ መክፈት ሳቅ አይደለም፣ አትምጣብኝ ነው። ግልገሏ መሸሽ ብትፈልግ እንኳን አሸዋ ላይ በሆዷ እየተንፏቀቀች ነው የምትሄደው፣ ያላት ነገር አፏን መክፈት ነው፣ እሱንም አደረገች፣ እኛ ደሞ ልብ ላክንላት።

የነዚህን የወደብ ሲሎች (ሃርበር ሲል የሚባሉት፣ ግልገሏም ከነሱ ናት) ነገር ትንሽ ዘርዘር አርጌ ላውራ ምክንያቱም ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እናቲቱ ግልገሏን የምታጠባው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ብቻ ነው፣ ከዛ በኋላ ልጅ ራሱን ችሎ ይወጣል። ወተቷ ግማሽ የሚሆነው ስብ ነው፣ ላም እንኳን እንዲህ አይነት ወተት የላትም፣ በነዚያ ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ግልገሉ ያንን ስብ ጠጥቶ ጠጥቶ መወፈር አለበት። እናትየው ደሞ እሷም መብላት ስላለባት በመሃል ልጇን አሸዋው ላይ ትታው ባህር ትገባለች፣ ለሰዓታት ልትቆይ ትችላለች። እና ሰው ይመጣል። ብቻውን የተኛ፣ አይኑ ትልልቅ የሆነ፣ እንባ ያቀረረ የሚመስል ግልገል ያያል (የብስ ላይ ሲሆኑ አይናቸው እንደዛ ነው፣ አልቅሶ አይደለም) እና አንጀቱ ይላወሳል። አንዱ ውሃ ያፈስበታል፣ አንዱ በፎጣ ይጠቀልለዋል፣ አንዱ ወደ ባህር ይገፋዋል፣ አንዱ ብሶበት መኪናው ውስጥ ይከተዋል። ሁሉም በደግነት ነው የሚያደርጉት፣ እሱ ነው ነገሩን ከባድ የሚያደርገው። እናትየው ውሃው ውስጥ ሆና ጭንቅላቷን ብቻ አውጥታ እያየች ሊሆን ይችላል፣ ግን ልጇ ዙሪያ ሰው ካለ አትወጣም። ሰው እስኪሄድ ትጠብቃለች። ሰው ካልሄደ፣ አንዱ ሲሄድ አንዱ ከመጣ፣ ያ ግልገል ያን ቀን ወተት አያገኝም፣ ነገሩ ከተደጋገመ ደሞ ትታው ልትሄድም ትችላለች።

እኛ አገር አራስ ቤት እንዴት ነው የሚገባው? ማንም ከመንገድ ተነስቶ ዘው አይልም። የቅርብ ዘመድ እንኳን ቀስ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አርጎ ነው፣ ሕፃኑንም ካልሰጡት አያነሳም። በመውለጃ ወራት ያ የባህር ዳር አሸዋ አራስ ቤት ነው። ይሄን ለናቴ ስነግራት ሌላ ማብራሪያ አልጠየቀችኝም፣ ወዲያው ነው የገባት።

የዝሆን ሲል የሚባሉት ደሞ አሉ፣ ካሊፎርኒያ ጠረፍ ላይ በብዛት የሚወጡ፣ ወንዱ ከ2000 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። እነሱ በዓመት አንዴ ፀጉራቸውን ከላይኛው ቆዳቸው ጋር አንድ ላይ ይቀይራሉ፣ ቆዳቸው እየተላጠ ይወድቃል፣ ለወር ያህል ሳይበሉ አሸዋ ላይ ተጋድመው ነው የሚያሳልፉት። ላየ ሰው በቁሙ የበሰበሰ ነው የሚመስለው። ደህና ነው ግን። የቆጠበውን ስብ እያቃጠለ ነው፣ ሰው ባስነሳው ቁጥር ደሞ ያቺ ስብ ያለቦታዋ ትወጣለች። በብዛት ተኝተው ባሉበት ሰው ወይ ውሻ በድንገት ሲመጣባቸውማ ሁሉም በአንዴ ወደ ውሃው ይሮጣሉ፣ በዛ ግርግር የሚረገጡት ግልገሎቹ ናቸው።

ርቀቱን በቁጥር ለሚፈልግ፣ ኖዋ የሚባለው የአሜሪካ የባህርና የከባቢ አየር መስሪያ ቤት ከሲል፣ ከሲ ላየንና ከዶልፊን ቢያንስ 45 ሜትር፣ ከዓሣ ነባሪ ደሞ 90 ሜትር ገደማ ራቁ ይላል። ሃዋይ ውስጥ መንክ ሲል የሚባል ሌላ ቦታ የማይገኝ ዝርያ አለ፣ የቀሩት 1600 ገደማ ናቸው፣ ለነሱ አሸዋ ላይ 15 ሜትር፣ ግልገል ይዛ ካለች ግን 45 ሜትር ይባላል። ከጀርባው ያለው ሕግ እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣ ነው፣ መግደልና ማቁሰል ብቻ ሳይሆን እንስሳውን ከሚያደርገው ነገር ማስተጓጎልም በሱ ውስጥ አለ። እኔ ደስ የሚለኝ ግን ከሜትሩ በላይ ይሄኛው መለኪያ ነው፣ ተኝቶ የነበረው ቀና ብሎ ካያችሁ ቀርባችኋል ማለት ነው፣ 45 ይሁን 60 ይሁን ወደኋላ ማለት ነው። ሜትር ይዞ ቢች የሚሄድ የለም፣ ጭንቅላቷን ስታነሳ ግን ሁሉም ሰው ያያል።

ይሄን ሁሉ ግሩፑ ላይ ስጽፍ ሐረር ያሉት አጎቴ በድምፅ መለሱልኝ። «አንተ ልጅ፣ እኛ ጅብ በአፋችን ስጋ ይዘን የምናበላ ሰዎች፣ አሁን ካንድ የባህር ውሻ 45 ሜትር ራቁ ትለናለህ?» አሉኝ። ጋሼ እውነታቸውን ነው የጠየቁት፣ እና ብዙ አሰብኩበት፣ ምክንያቱም ጥያቄው ጥሩ ነው።

ሐረር ሄዳችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሲመሽ ከግንቡ ውጪ ጅብ አብሊው ይጣራሉ፣ በስማቸው እየጠሩ፣ ከጨለማው ውስጥ አንድ በአንድ ይወጣሉ። እንጨት ላይ የተጠመጠመ ስጋ ነው፣ እሳቸው በእጃቸውም በአፋቸውም ይሰጣሉ፣ ቱሪስቱም አጠገባቸው ተንበርክኮ ይሞክራል። ከተማዋን የከበበው ጁገል ግንብ ላይ ደሞ ከሰው በሮች ሌላ ጅቦቹ የሚገቡባቸው ቀዳዳዎች አሉ፣ ሌሊት ገብተው ጥራጊውን ጠራርገው በልተው ይወጣሉ። በአሹራ ቀን ደሞ ገንፎ ይቀርብላቸዋል። ሰው ይሄን አይቶ «ሐረርና ጅብ ርቀት የላቸውም» ይላል። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ሐረር ዘመድ ቤት ስመላለስ ያየሁት ሌላ ነው። ቦታው የታወቀ ነው፣ ሰዓቱ የታወቀ ነው፣ የሚያበላው ሰው የታወቀ ነው፣ ከአባቱ የተማረው ነው። ጅቦቹ ፈቅደው ነው የሚመጡት፣ ሳይፈልጉ ሲቀሩ ይቀራሉ፣ ማንም ሄዶ አይጎትታቸውም። ሌሊት ቀጭን መንገድ ላይ ጅብ ስትመጣ ደሞ ሰውየው ጥጉን ይይዛል፣ ያሳልፋታል፣ አይጮህም አይነካትም። ከሁሉም በላይ ግን ጋሼ፣ አልኳቸው፣ ቀን ቀን ጅብ ግልገሎቿን ይዛ የምትተኛበት ጉድጓድ ድረስ ልጅ አቅፎ ሄዶ ፎቶ ያነሳ ሰው ሐረር ውስጥ ያውቃሉ? ዝም አሉ ትንሽ። «እብድ ካልሆነ ማን ይሄዳል» አሉ።

ያ ነው እኮ ነገሩ። ሐረር የምናየው ጅብ እራት ላይ ያለ ጅብ ነው። ቢች ላይ የምናያት ሲል ግን ጉድጓዷ ውስጥ ነው ያለችው። ጉድጓዱ ጣራና ግድግዳ ስለሌለው፣ ከሱም ሌላ እኛ ፎጣ አንጥፈን ፀሐይ የምንሞቅበት ቦታ ስለሆነ ጉድጓድ አይመስለንም እንጂ። ሃዋይ ያሉት ስፒነር ዶልፊኖች ደሞ ጭራሽ እንደ ጅብ ናቸው፣ ሌሊት ሌሊት ጥልቅ ባህር ወጥተው ያድናሉ፣ ቀን ቀን ጥልቀት የሌለው ጸጥ ያለ ባህረ ሰላጤ ውስጥ ገብተው እየዋኙ ይተኛሉ። ቱሪስቱ ደሞ የሚዋኘው ቀን ነው፣ እዛው ቦታ። ለዓመታት በየቀኑ ሰው እንቅልፋቸው መሃል እየገባ ሲዋኝ ቆይቶ በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2021 ከ45 ሜትር በታች መቅረብ በሕግ ተከለከለ። እዚህ ድሬ ለሊት ዘብ ሆኖ የሚያድር ሰው ቀን ላይ በሩን እያንኳኩ «ተነስ ፎቶ እንነሳ» ቢሉት ስንት ቀን ይቆያል?

አሁን ደሞ የፍሬያን ነገር ልንገራችሁ፣ እሷን ሳስብ እስካሁን ያናድደኛል። ፍሬያ ዋልረስ ናት፣ ያ ረጅም ጥርስ ያለው ግዙፍ የሰሜን እንስሳ፣ ገና ወጣት ሴት ሆና 600 ኪሎ ገደማ የምትመዝን። እ.ኤ.አ. በ2022 በጋ ኦስሎ ደረሰች፣ ጀልባ ላይ እየወጣች ፀሐይ ትሞቃለች፣ አንዳንዱን ጀልባ በክብደቷ ታሰምጣለች፣ ሰዉም በጣም ወደዳት። መንግስት ራቁ አለ፣ አብራችሁ አትዋኙ አለ፣ ልጆች ይዛችሁ አትቅረቡ አለ። ሰዉ ሄደ። አብሯት ዋኘ፣ ሕፃናት አስከትሎ ጥቂት ሜትር ድረስ ቀርቦ ፎቶ ተነሳ። ኦገስት 14 ጠዋት የመንግስት ሰዎች ገደሏት። የሰጡት ምክንያት ሰው አልርቅ ስላለ አንድ ቀን ሰው ትጎዳለች የሚል ነበር። እሷ ማንንም አልነከሰችም። ዋልረሷን ወደ ሌላ ቦታ መውሰድ ይቻል ነበር አይቻልም የሚለው ብዙ አከራክሯል፣ እኔ ባለሙያ አይደለሁም፣ ግን የሞተችው በጠሏት ሰዎች እንዳልሆነ እርግጠኛ ነኝ፣ የወደዷት ናቸው እዛ ያደረሷት። በሚቀጥለው ዓመት ሐውልት አቆሙላት፣ ከሕዝብ በተዋጣ ብር። ኦስሎ ያለው ዘመዴ ሐውልቷ ጋ ሄዶ የተነሳውን ፎቶ ላከልኝ፣ ፎቶው ላይ ሰዎች አቅፈዋታል። ነሐስ ስለሆነች አሁን ማቀፍ ይቻላል።

ስለኛ ደህንነት ብዙ ማውራት አልፈለግኩም ምክንያቱም ሰው የሚርቀው ለራሱ ፈርቶ ብቻ እንዲሆን አልፈልግም። ግን ኬፕታውን ላላችሁ አንድ ነገር ልበል። እዛ ባሉት ሲሎች ላይ እ.ኤ.አ. በ2024 የእብድ ውሻ በሽታ ተገኝቷል፣ እኛው የምናውቀው ሬቢስ። በባህር አጥቢዎች ላይ እንዲህ ሲዛመት ከዚያ በፊት አልታየም ነበር። ሬቢስ ምን እንደሆነ ለድሬና ለሐረር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ሲል ከነከሳችሁ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ደጋግሞ ማጠብ፣ ከዛ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት። ውሻችሁንም በገመድ ያዙት።

ጅቡቲ ለምትወርዱ ደሞ፣ ሲል እዛ የለም፣ ግን ዶልፊን አለ፣ ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ ባሉት ወራት ታጁራ ባህረ ሰላጤ የሚመጣው ዌል ሻርክም አለ (እሱ ዓሣ ነው፣ አጥቢ አይደለም፣ ግን ለሱም መራቁ ያው ነው)። እኔ አንዴ ወደ ሙሻ ደሴት ስንሄድ ዶልፊኖች አየን፣ ጀልባው ውስጥ ያለው ሁሉ ቆሞ መጮህ ጀመረ፣ «ተከተላቸው! ተከተላቸው!»። ጀልባ ነጂው አፋር ሽማግሌ ናቸው፣ አልተከተሉም። ሞተሩን አጥፍተው ቁጭ አሉ። አንዱ ልጅ ከፍለናል እኮ ምናምን ሲል «ለመንገዱ ነው የከፈልከው» አሉት። ዶልፊኖቹ መንገዳቸውን ሄዱ፣ ሁለቱ ብቻ ዞር ብለው በጀልባው ስር አለፉ። ሌላ ጀልባ ደሞ ከኋላ በፍጥነት እየከነፈ ተከትሏቸው ሲሄድ አየን፣ ወዲያው ጠልቀው ጠፉበት።

ቀይ ባህር ውስጥ ዱጎንግ የሚባልም አለ፣ የባህር ላም ይሉታል፣ ከባህር ስር የሚበቅል ሳር የሚግጥ፣ ለመተንፈስ ብቻ ብቅ የሚል። ዘመዱ ማን እንደሆነ ስሰማ በጣም ነው የገረመኝ፣ ዝሆን ነው። ባቢሌ ያሉት ዝሆኖቻችን የሩቅ ዘመድ። ዱጎንግ የምትወልደው አንድ ብቻ ነው፣ እሱንም በስንት ዓመት አንዴ። የባቢሌ ገበሬ ዝሆን ግልገል ይዛ ስታልፍ መንገድ መልቀቅ እንዳለበት ማንም አያስተምረውም፣ ተመልሶ ሊነግረን ይፈልጋልና ይለቃል። ዱጎንግ ግን አትረግጥም አትቆጣም፣ ዝም ብላ ትሸሻለች፣ ሳሩንም ትታው። የማይቆጣን እንስሳ የምንዳፈረው ለዚህ ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

አንድ ነገር ግን እንዳይምታታ። አሸዋ ላይ ያገኛችሁት ሲል ሳይሆን ዶልፊን ወይም ዓሣ ነባሪ ከሆነ ያ ሌላ ነው። እነሱ የብስ ላይ አይወጡም፣ ከወጡ ችግር ላይ ናቸው። ያኔም ቢሆን በጭራው ይዞ መጎተት የለም፣ ያልሰለጠነ ሰው ወደ ባህር መግፋት የለም፣ የሚተነፍሰው ጭንቅላቱ አናት ላይ ባለው ቀዳዳ ስለሆነ እዛ ውስጥ ውሃ ማፍሰስ የለም። ለሚመለከተው መደወል ነው፣ እስኪመጡ ሰዉንና ውሻውን ማራቅ፣ ዙሪያውን ጸጥ ማስደረግ። ሲልም ቢሆን መረብ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ወይም ቆስሎ ካያችሁት እንደዛው ራቅ ብላችሁ ደውሉ። አሜሪካም አውሮፓም ደቡብ አፍሪካም ለዚህ የተዘጋጁ ሰዎች አሉ፣ ቢቹ ላይ ታፔላ ካለ ስልኩ እሱ ላይ ይኖራል።

አክስቴ ይሄን ሁሉ ከሰማች በኋላ ከሳንዲያጎ ደወለችልኝ። «እሺ ገባኝ የኔ ልጅ፣ ታዲያ የልጅ ልጆቼ እንዴት ይዩዋቸው? እዚህ ድረስ መጥተን ሳናያቸው ልንቀር ነው?» አለችኝ። አትቀሩም አክስቴ። እዛው እናንተ ጋ ላ ሆያ የሚባለው ሰፈር ውስጥ የልጆች መዋኛ የሚሉት ትንሽ ቢች አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1931 አንዲት ባለጸጋ ሴትዮ ሕፃናት ማዕበል ሳያስፈራቸው እንዲዋኙ ብለው የድንጋይ ግንብ ያሰሩበት። በጊዜ ብዛት አሸዋ ሞላው፣ ሲሎቹ ወደዱት፣ መጥተው ይወልዱበት ጀመር። የልጆቻችን ነው በሚሉና የሲሎቹ ነው በሚሉ መሃል ለዓመታት ፍርድ ቤት ድረስ ተካሰውበታል። አሁን በየዓመቱ ከዲሴምበር 15 እስከ ሜይ 15 አሸዋው ለሰው ዝግ ነው። ዳር ካለው የእግረኛ መንገድ ላይ ሆኖ ማየት ግን ይቻላል፣ እናቶቹ ሲያጠቡ፣ ግልገሎቹ ሲንፏቀቁ ሁሉ ይታያል። የካቲት ላይ ውሰጃቸው፣ ቢኖኩላር ያዢ፣ ስልክም ከሆነ ዙም አርጊ፣ ልጆቹ እንዳይጮሁ ብቻ አስቀድመሽ ንገሪያቸው አልኳት። ቢኖኩላር ከጎረቤት እዋሳለሁ ብላለች፣ ትንሹ ልጅ ግን ለኔ የራሴ ይገዛልኝ እያለ ነው አሉ።